የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና የሕፃናት ጥበቃ

የሰው ልጅ ከፍጥረት ሁሉ ይልቅ ዘግይቶ ራሱን የሚችል ነው። ጥጃ በተወለደ ዕለት በእግሩ ቆሞ እናቱን ይከተላል፤ ጫጩትም ከቅርፊቱ በወጣ ማግስት ጥሬ ይለቅማል። ሕፃን ግን በእግሩ ለመሄድ አንድ ዓመት፥ አሳቡን ለመናገር ሁለትና ሦስት ዓመት፥ ክፉንና ደጉን ለመለየት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ብዙ ዘመን ያስፈልገዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚኖረው በሌላ ሰው ዐይን እየታየ፥ በሌላ ሰው እጅ እየተደገፈ ነው። ስለዚህ ሕፃንን መጠበቅ ከምግብና ከልብስ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር ሳይሆን ሕይወቱ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በአገራችን ሕፃናትን የመጠበቅና የማስተማር ሥራ ክብሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ይኖራል። ትልቁን ተማሪ የሚያስተምር ሰው መምህር ይባላል፥ በማኅበርም ከፍ ካለ ስፍራ ይቀመጣል። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናትን ሰብስቦ የሚውለው፥ ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሱትን ልጆች ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪገቡ ድረስ የሚያቈያቸው ሰው ግን ሌላ ሥራ አጥቶ በዚያ እንደ ቀረ ተደርጎ ይቈጠራል። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ በክርክር ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት ይሻላል ብለን አስበናል። ስለዚህ ገና አፉን ሳይፈታ ጠባቂ ያጣውን፥ ኋላም አድጎ ጠባቂ ላጡ ልጆች መማሪያ ያቆመውን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም በጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት፥ አገሩም በሁከት የተመላበት ጊዜ ነበር። ንጉሡ ወደ መቅደላ አምባ በወጡ ጊዜ ብዙ ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው በዚያ ተሰብስበው ነበርና የወርቅነህም ቤተ ሰብ ከእነዚያ መካከል ሆነ። ንጉሡ ያሰሯቸውን የውጭ አገር ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ ተነሥቶ በባሕር መጣ። ጦሩ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አምባውን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ለጠላት እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ቀን ሲጽፉ ስለ ንጉሡ ሞት፥ ስለ መድፉና ስለ ተወሰደው የመጻሕፍትና የንዋየ ቅድሳት ሀብት ይጽፋሉ። ነገር ግን አምባው በተያዘ ጊዜ ከዚያ የነበረው ሕዝብ እንዴት እንደ ተበተነ ልብ ብሎ ማሰብ ይገባል። እናት ልጅዋን፥ ወንድም እኅቱን እየጠራ ገደሉን ሲወርድ፥ ጭሱና ጩኸቱ ሁሉን ሲያደባልቀው፥ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የሆነው ሕፃን ወርቅነህ ከወገኖቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አገኘውና ጦሩ ሲመለስ ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ።

በዚያው ቀን ከመቅደላ ሌላ ሕፃን ደግሞ ተወስዷል፤ ይኸውም የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሆነው ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረውት ሲጓዙ በመንገድ ሞቱበት፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። የሚበላውና የሚለብሰው አልጐደለበትም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ትከታተለው ነበር፤ በታወቁ ትምህርት ቤቶችም ገባ። ነገር ግን ወደ ወገኖቹ ሳይመለስ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተና በዊንድዘር ተቀበረ። የእነዚህን የሁለቱን ልጆች ታሪክ ጐን ለጐን ላየ ሰው፥ ለሕፃን ምግብና ትምህርት ብቻ እንደማይበቃው በግልጥ ይታየዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የእኔ የሚለው ወገን፥ ልጄ የሚለውም ሰው ያስፈልገዋል።

ወደ ወርቅነህ ታሪክ እንመለስ። ሕፃኑ በሕንድ አገር አደገ። ከቻምበርሌን ቀጥሎ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ኀላፊነቱን ተቀብሎ አስተማረው። ከሁለቱ ሰዎች ስምም ቻርልስ ማርቲን የሚለው አዲስ ስም ወጣለት። ወርቅነህ የሚለው ስም ከዚያ አገር ሰው ሁሉ አፍ ጠፋ፤ ከእርሱም አፍ አማርኛ ጠፋ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ሕፃን የእናቱን ቋንቋ መናገር ጀምሯል፤ ሥር ስላልሰደደ ግን የሚያናግረው ካጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይረሳዋል። በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ነገር በየቀኑ ውኃ ካልጠጣ ይደርቃል፤ ውኃ ከጠጣ ደግሞ እስከ ሽምግልና የሚያገለግል ዛፍ ይሆናል። የሕፃናት ጠባቂዎች ይህን ነገር ከሁሉ አብልጠው ሊያስቡት ይገባል።

ስለ አሳዳጊዎቹ እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። ሕፃኑን ከአገሩ አወጡት፤ ስሙንና ቋንቋውን አሳጡት። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ነገር ግን ከተጣለበት አንሥተው ለሞት አልተዉትም፤ እንደ አገልጋይም አላደረጉትም፤ ትምህርት ቤት አስገብተው እስከ መጨረሻው አስተማሩት። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በ1874 ዓ.ም ገና በወጣትነቱ ሐኪም ሆነ። ኋላም ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ የሕክምና ትምህርቱን አስፋፋ፤ በበርማ አገርም በመንግሥት ሐኪምነት ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ሙሴ በፈርዖን ቤት አድጎ የግብጽን ጥበብ ሁሉ ተማረ፤ ጥበቡን ግን ለወገኖቹ አዋለው። የወርቅነህም ነገር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በአድዋ የተገኘው ድል በዓለም ሁሉ በተሰማ ጊዜ ወሬው በርማ ድረስ ደረሰ። በእንግሊዝ ስም የሚጠራው ሐኪም ያን ጊዜ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ያውቃል፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ፥ ዘመዶቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ግን አያውቅም። አገሬን ልይ ብሎ ተነሣ። በመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካለትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሐረር በኩል አልፎ አዲስ አበባ ገባና ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱም በደስታ ተቀበሉት።

ከመቅደላ የጠፋ ሕፃን ሐኪም ሆኖ ተመለሰ የሚለው ወሬ በከተማው ሲሰማ ያረጁ አያቱ ከነበሩበት መጡ። የልጅ ልጃቸውን ካጡት ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። ልብሱ የባዕድ፥ ንግግሩም የባዕድ ነው። በምን ያውቁታል? ሕፃን ሳለ በአካሉ ላይ የነበረ ጠባሳ ነበረና እርሱን ተናገሩ፤ ምልክቱ ሲታይም እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ስሙን ሰዎች ለውጠውት ነበር፤ ቋንቋው ከአፉ ጠፍቶ ነበር፤ አገሩ ርቆት ነበር፤ አያቱ ግን የሕፃኑን ገላ አልረሱም። ሕፃንን ያጠበ፥ ያሻሸ፥ ቍስሉን ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር ከመዝገብ ሁሉ የበለጠ ጽኑ ምስክር ሆነ። እኛ ይህን ክፍል በምናነብበት ጊዜ ሁሉ የጠባቂነትን ክብር በዚህ እናየዋለን። ጠባቂ ማለት የሕፃኑን ጠባሳ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በአባታቸው ስም ይጠሩ ጀመር፤ አማርኛንም እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማሩ። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበራቸው የሥራ ውል ስላላለቀ በ1893 ዓ.ም ወደ በርማ ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም ደግሞ እንደ ገና መጥተው በአዲስ አበባ በሐኪምነት አገለገሉ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በመጨረሻም የበርማውን አገልግሎት ፈጽመው ጡረታቸውን ካገኙ በኋላ በ1911 ዓ.ም ለመኖር ወደ አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ50 አልፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ለዕረፍት የሚያስብበት ዕድሜ ነው፤ እርሳቸው ግን ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው።

መስከረም 1916 ዓ.ም ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮች ነጻ የሚወጡበትን ሥርዐት የሚወስን አዋጅ ወጣ። አዋጅ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከአዋጁ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ነጻ የወጣው ትልቅ ሰው ቢቸግረውም ሠርቶ ይበላል፤ ሕፃኑስ ወዴት ይሄዳል? ከሩቅ አገር ተሸጦ የመጣ ነው፤ የአባቱን ስም አያውቅም ወይም ረስቶታል፤ የጌታው ቤት ያወጣለት ስም አለው እንጂ እናቱ ያወጣችለት ስም የለውም፤ ቋንቋውም በመንገድ ላይ ጠፍቶበታል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ነጻ ነህ ብሎ ከደጅ ማውጣት ለጅብና ለረኃብ ማስረከብ ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ የሚረዱት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ፤ እርሳቸውም ስማቸውና ቋንቋቸው በመንገድ ላይ የጠፋባቸው ሕፃን ነበሩና። ስለዚህ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ከባርነት ለወጡ ልጆች በአዲስ አበባ በተቋቋመው ትምህርት ቤት ሥራም ዋና ደካሚ ሆኑ። የማኅበሩን ስም አንባቢዎቻችን ልብ ብለው ይመልከቱት። ፍቅር ብቻ አላሉትም፤ ፍቅር ብቻውን ሲሆን በልብ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ጊዜ አለ። አገልግሎት ብቻም አላሉትም፤ አገልግሎት ያለ ፍቅር ሲሆን ሕፃኑን እንደ ዕቃ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማዘዋወር ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ አሰሯቸው። ሕፃናትን የሚጠብቅ ሁሉ የሥራው መመሪያ በእነዚህ በሁለት ቃላት ተጠቅልሎለታል።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ የበላይ ተቈጣጣሪው ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ በአንድ ዘመን የመኳንንቱን ልጆች የሚያስተምረውን ትምህርት ቤትና ከባርነት የወጡ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያዩ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን በእነዚህ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ያህል መስሎ ይታይ ነበር። በመቅደላ ገደል ላይ ተጥሎ ለቀረ ሰው ግን ያ ርቀት ትልቅ አይመስለውም። የነጋድራስ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በአንድ ቀን ወላጅ የሌለው ልጅ መሆን እንደሚቻል በራሱ ሕይወት አይቶታልና።

ተማሪዎች በቋንቋቸው የሚያነቡት የትምህርት መጽሐፍ ማጣታቸውንም አይተው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ አዘጋጅተው በ1920 ዓ.ም አሳተሙ። አማርኛን ዕድሜያቸው 30 ዓመት ካለፈ በኋላ ከፊደል የጀመሩ ሰው ለአገሩ ልጆች በአማርኛ መጽሐፍ ጻፉ። በዚህ ዘመን ልጆቻችን ገና በመዋያ ሳሉ የባዕድ ቋንቋ ብቻ ካልተናገሩ የተማሩ የማይመስለን ወላጆች ይህን ነገር እናስብ። ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝኛን ከማንም አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የእናት ቋንቋ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን ደግሞ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሕይወታቸውን ክፍል ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1922 ዓ.ም ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆነው መንገድ በማሠራትና አስተዳደር በማሻሻል አገለገሉ። የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ በ1927 ዓ.ም በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ፤ አገራቸው በተወረረችበትም ጊዜ ስለ እርስዋ በሎንዶን ሲከራከሩ ቈዩ። ከባዱ ኀዘን ያገኛቸው በዚህ ስደት ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ተምረው መሐንዲሶች የሆኑት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም ለአገራቸው ለመዋጋት ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰልፈው ነበር። ጠላት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከጀመረው ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ ሁለቱም ተገደሉ። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ በጦርነት የተለየው ሰው በሽምግልናው ልጆቹን በጦርነት አጣ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም በመስከረም መጨረሻ በ87 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዐረፉ።

የሰው ሕይወት የሚነገረው ሕያዋን እንዲማሩበት ነውና አሁን ፊታችንን ወደምናገለግልበት ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንመልስ። አቃቂ የከተማችን የደቡብ በር ናት። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በእርስዋ በኩል ነው። ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን ስለ አገራቸው በሚናገሩበት በ1928 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ድምፃቸውን ያሰሙት ከአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥጥ ፋብሪካውና ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከታትለው ተተከሉና አቃቂ ቃሊቲ የሠራተኛ አገር ሆነች። የሠራተኛ አገር የራሱ በረከት አለው፤ የራሱም ችግር አለው።

ችግሩ ይህ ነው። የፋብሪካ ሥራ በፈረቃ ነው። እናት ገና ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ አባት ሲመሽ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ በደጅ ላይ ይተላለፋሉ። ከገጠር የመጡ በመሆናቸው አያት በአጠገባቸው የለችም፤ ጎረቤቱም እንደ እነርሱ ሥራ ላይ ነው። በገጠር ሳለ ሕፃን አያት ቤት፥ አክስት ቤት፥ ጎረቤት ቤት እየዋለ ያድግ ነበር፤ ማንም ያየው ሰው ይገሥጸው፥ ማንም ያየው ሰው ያጐርሰው ነበር። በከተማ ዳርቻ ግን ያ ሥርዐት ፈርሷል፤ በስፍራውም ሌላ ገና አልቆመም። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጅ የሦስት ዓመት ወንድሙን ይዞ በር ተዘግቶበት ሲውል፥ ከትምህርት ቤት በቀትር የተለቀቀው ልጅ ቍልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ እስከ ማታ በአስፋልት ዳር ሲዞር እናያለን። ጦርነት የለም፥ መድፍም አይጮኽም፤ ነገር ግን ሕፃኑ ከወገኑ ተለይቶ መዋሉ ያው ነው።

ለዚህ ችግር መልስ መስጠት ተጀምሯል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የሕፃናት ክፍል እየተስፋፋ መጥቷል፤ በ2010 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች ለእናቶች የሕፃናት ማቈያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ክፍል መሥራትና ምንጣፍ ማንጠፍ ግማሹ ሥራ ነው። ከባርነት የወጡትን ልጆች አዋጁ ብቻውን እንዳላሳደጋቸው፥ የዛሬዎቹንም ሕፃናት ቤቱ ብቻውን አያሳድጋቸውም። የሚያሳድጋቸው በቤቱ ውስጥ የሚውለው ሰው ነው።

ያ ሰው ምን ዐይነት ሰው ሊሆን ይገባዋል? ከሐኪም ወርቅነህ ሕይወት አራት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ ሕፃኑን በስሙ ይወቀው። በአንድ ክፍል ውስጥ 30 ወይም 40 ሕፃናት ቢኖሩ ጠባቂው የእያንዳንዱን ስም፥ የእናቱን ስም፥ የሚፈራውንና የሚወደውን ይወቅ። ሕፃን ስሙ ሲጠራ የሚወደድ መሆኑን ያውቃል። አንተ ልጅ፥ አንቺ ልጅ እየተባለ የሚውል ሕፃን ግን በሕዝብ መካከል ሆኖ ጠፍቷል።

ሁለተኛ፥ ገላውን ይወቅ። ጧት ሲመጣ ተመልክቶ ማታ ሲሄድ ደግሞ ይመልከተው። ትናንት ያልነበረ ጠባሳ ዛሬ ካለ ይጠይቅ፤ ትኵሳት ካለው ይለይ፤ ሳይበላ ከመጣ ይወቅ። የሐኪም ወርቅነህ አያት ከ30 ዓመት በኋላ ጠባሳውን ያስታወሱት ሕፃኑን በየቀኑ ያዩት ስለ ነበር ነው።

ሦስተኛ፥ በሚገባው ቋንቋ ያነጋግረው። ተረት ይንገረው፥ እንቆቅልሽ ይጠይቀው፥ ያዘምረው። በአቃቂ ቃሊቲ ሕፃናት ከልዩ ልዩ ቤት፥ ከልዩ ልዩ ቋንቋም ይመጣሉ፤ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገረ የመጣውን ሕፃን ጠባቂው በቋንቋው አንድ ሁለት ቃል ቢለው ሕፃኑ ከቤቱ ያልወጣ ያህል ይጽናናል። ሌላውን ቋንቋ ኋላ ይማረዋል፤ የእናቱን ቋንቋ ማፈሪያ አድርጎ የጀመረ ልጅ ግን በሁለቱም ዲዳ ይሆናል።

አራተኛ፥ አይለይ። የባለ ጸጋውን ልጅና የጥበቃ ሠራተኛውን ልጅ፥ ንጹሕ ልብስ የለበሰውንና ያደፈውን በአንድ ዐይን ይይ። ሕፃናት የሚጠበቁበት ቤት በሰው መካከል ያለው ርቀት የሚጠፋበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ከተጀመረ ግን ከዚያ በኋላ ለማጥፋት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ቤት ልንጨምር እንወዳለን። ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናት ጥበቃ እንግዳ አይደለችም። በየደብሩ ጥግ፥ በዋርካና በወይራ ጥላ ሥር፥ የኔታ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናትን ሰብስበው ፊደል ሲያስቈጥሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሀ ሁን የጨረሰው አቡጊዳን፥ አቡጊዳን የጨረሰው መልእክተ ዮሐንስን፥ ያም ሲፈጸም ዳዊትን ይቀጥላል። ታላቁ ልጅ ታናሹን ያስቈጥራል፤ ማታ ደግሞ መጽሐፍ የማይታይበት ጊዜ ሲሆን ትምህርቱ በቃል ይሆናል። ወላጆች በእርሻና በገበያ ሲውሉ ልጆቻቸው በየኔታ ዐይን ሥር ይውሉ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን የማቈየት ሥራ የሚባለው ነገር በአገራችን አዲስ ግኝት አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው።

ነገር ግን እውነትን የሚወድ ሰው የራሱን ቤት ጕድለት አይሸፍንም። በብዙ ስፍራ ከፊደል ገበታው ጋር አለንጋ አብሮ ይኖር ነበር። በአለንጋ የተማረ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፤ ከፊደሉ ጋር ግን ፍርሃትን ይማራል፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ጥለው ሸሽተዋል። ጌታችን ሕፃናትን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ገሥጾ ሕፃናቱን አቅፎ ባረካቸው እንጂ በበትር አልተቀበላቸውም። ሕፃን በሩጫ ወደ እርሱ የሚመጣ ጠባቂ ሥራውን ያወቀ ነው፤ ሕፃን ሲያየው የሚደበቅ ጠባቂ ግን ስንት ፊደል ቢያስቈጥር ሥራውን ገና አልጀመረም። ጨዋታም ለሕፃን ጊዜ ማባከን አይደለም። ጠጠር ሲቈጥር ሒሳብ፥ ጭቃ ሲያቦካ የእጅ ሥራ፥ ተራ ሲጠብቅ ፍርድና ትዕግሥት ይማራል።

ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲና እርስዋን በሚመስሉ ስፍራዎች ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ሦስት ነገር እናሳስባችኋለን። ወላጆች ልጃችሁን የሚጠብቀውን ሰው አክብሩት፤ ማታ ልጁን ስትወስዱ ቸኵላችሁ አትለፉ፥ እንዴት እንደ ዋለ ጠይቁት፥ እርሱም ሲነግራችሁ አድምጡት። የሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ከሰንበት በቀር ተዘግተው የሚውሉ አዳራሾቻችሁን ተመልከቱ። እሑድ ብቻ የሚከፈተው አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከቀትር በኋላ ቢከፈት፥ አንድ ሁለት የተማሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ተራ ቢገቡ፥ በአንገታቸው ቍልፍ ያንጠለጠሉ ልጆች የሚቀመጡበት ወንበርና የሚያጠኑበት ብርሃን ያገኛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው ለደብር ቀላል ነው። ባለ ፋብሪካዎችም ሕፃኑን ጥላ የመጣች እናት እጅዋ በሥራ ላይ፥ ልብዋ በቤት መሆኑን ዕወቁ፤ በሥራ ቦታዋ አጠገብ የሕፃናት መዋያ ብታዘጋጁላት ለእርስዋም ለሥራችሁም ይጠቅማል።

በመጨረሻም በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ፥ ደመወዛችሁ አነስተኛ፥ ስማችሁም የማይነሣ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፥ አትድከሙ። ሐኪም ወርቅነህ በሕይወታቸው ብዙ ሹመት ነበራቸው፤ ሐኪም፥ ገዥና የመንግሥት መልእክተኛ ሆነዋል። ሹመቶቹ ሁሉ ግን ከዘመናቸው ጋር አልፈዋል። ስሙንና ወገኑን ላጣ ሕፃን የተሰጠ እንክብካቤ ግን አያልፍም፤ ያ ሕፃን አድጎ ለሌላው ያደርገዋል፥ ያም ለሌላው። ዛሬ በአቃቂ ከምትጠብቋቸው ሕፃናት መካከል ነገ ስንቱ ሐኪም፥ ስንቱ መምህር፥ ስንቱም የሕፃናት ጠባቂ እንደሚሆን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የሕፃናት አምላክ ሥራችሁን ይባርክ፥ ጕልበታችሁንም ያድስ፤ አሜን።